ሳይጠይቁ «ዳነች» ማለት

ከአራት ዓመት በፊት፣ ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ በዓመቱ፣ አንድ የጎን ሥራ አገኘሁ። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ድርጅት ከንፈራቸው ወይም ላንቃቸው ተሰንጥቆ የተወለዱ ሕፃናት እንዲታከሙ ያግዛል። መረጃውን የሚይዘው በኤክሴል ነበር። አራት ሰው በአራት ዓይነት አጻጻፍ የሞላው፣ ቀኑ ግማሹ በእኛ ግማሹ በፈረንጅ አቆጣጠር የሆነ፣ «ቡሬ» የሚለው ቃል ብቻውን በአምስት ዓይነት ፊደል የተጻፈበት ፋይል ነው። የእኔ ሥራ ይህን አጽድቼ ዳታቤዝ ውስጥ ማስገባትና በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት የሚያወጣ ሲስተም መሥራት ነበር። በሦስት ሳምንት ጨርሼ፣ ክፍያዬን ተቀብዬ እገላገላለሁ ብዬ ነበር።

ፋይሉ ላይ «ውጤት» የሚል ዓምድ አለ። ጥሩ፣ መካከለኛ፣ ደካማ። ከአብዛኞቹ ልጆች ትይዩ ግን ምንም አልተጻፈም። ሥራውን ለሰጠኝ ሰው ደወልኩና «ባዶዎቹን ምን ላድርጋቸው?» አልኩት። ትንሽ አሰበና «ችግር ቢኖርባቸው ኖሮ ተመልሰው ይመጡ ነበር። ጥሩ በላቸው» አለኝ። አልኳቸው። አንድ መስመር ኮድ ነው፦ ባዶ ከሆነ፣ ጥሩ። አስገባሁት፣ ሞከርኩት፣ ሠራ። ሪፖርቱ ላይ ያለው ቁጥር ወዲያው አማረ።

የዚያኑ ዕለት ማታ ማድረግ የሌለብኝን አደረግሁ። የእህቴን ልጅ መዝገቡ ውስጥ ፈለግኳት። የሰው የሕክምና መረጃ ነው፤ ሥጋ ዘመዴ ስለሆነች ብቻ የማየት መብት አይኖረኝም። ግን ፈለግኩ፣ አገኘኋትም። ቡሬ ዙሪያ። ሴት። የትውልድ ዘመን 2006። ከንፈር፦ ተሠርቷል። ላንቃ፦ ተሠርቷል። ሕክምና፦ ተጠናቋል። ውጤት፦ ጥሩ።

ያንን «ጥሩ» የጻፈው የእኔ ኮድ ነው። እኔ ደግሞ ልጅቱን አውቃታለሁ። ውሃ ስትጠጣ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያች አንድ መስመር ኮድ ነው። ጥያቄውም ቀላል ይመስላል፦ አንድን ሰው ከረዳን በኋላ «ተሳካ» ለማለት መብት የሚሰጠን ምንድን ነው?

ፖስተሩ ላይ የማይታየው

ስለዚህ ጉዳይ ብዙዎቻችን የምናውቀው ከንፈሩን ብቻ ነው። በየሆስፒታሉ ግድግዳ የተለጠፈ ፖስተር አይታችኋል፤ በግራ ከንፈሩ የተሰነጠቀ ሕፃን፣ በቀኝ የሚስቅ ያው ሕፃን። ነገሩ ብርቅ አይደለም። በዓለም ላይ በግምት ከ700 ሕፃናት አንዱ እንዲህ ሆኖ ይወለዳል። የሚፈጠረው በእርግዝናው የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ውስጥ ነው፤ ከግራና ከቀኝ እያደጉ መጥተው መገናኘት የነበረባቸው የፊት ክፍሎች ሳይገናኙ ይቀራሉ። ምክንያቱ ከዘርም ከአካባቢም የተቀላቀለ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የዘረመል ጥናት ከኢትዮጵያ፣ ከጋናና ከናይጄሪያ በተሰበሰበ ናሙና ላይ የተሠራ ነበር፤ እኛም አገር ያሉ ልጆች መልሱን ፍለጋ ላይ ተሳትፈዋል ማለት ነው። ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለው የእኛ መንደር ግን መልሱ ከዚያ በፊት ተገኝቶ ነበር። እርግማን ነው፣ ዓይን ነው፣ እናትየዋ በእርግዝናዋ ጊዜ ያየችው ነገር ነው። ጥፋቱ በዞረ በዞረ እናት ላይ ነው የሚያርፈው። እህቴ የመጀመሪያዎቹን ወራት ልጇን በነጠላ ሸፍና ነው ያሳለፈችው።

ከንፈሩ በሕፃንነቷ አዲስ አበባ ተሰፋ። ላንቃው ሁለት ዓመት ሳይሞላት ተዘጋ። በነፃ ነው። ያደረጉትን ሰዎች ዛሬም እናመሰግናለን፤ ይህን ከልቤ ነው የምለው። ላንቃ የተከፈተ ሕፃን ጡት መሳብ አይችልም፣ ወተቱ በአፍንጫው ይወጣል፣ ይቀጭጫል። እነዚያ ሁለት ቀዶ ሕክምናዎች ባይኖሩ ስለ እሷ ዛሬ የምጽፈው ነገር ላይኖር ይችል ነበር።

ነገር ግን በከንፈርና በላንቃ መካከል ድድ አለ። ድዱ ውስጥ ደግሞ አጥንት አለ። ስንጥቁ በዚያ አልፎ ከሆነ፣ የላይኛው መንጋጋ በፊት ጥርሶቹና በክራንቻው መካከል ለሁለት የተከፈለ ነው፤ ቆዳው ከላይ ቢሰፋም አጥንቱ አይገናኝም። በክፍተቱ ትንሽ ቀዳዳ ወደ አፍንጫ ሊቀር ይችላል። ውሃና ሾርባ በዚያ ይወጣል። አጠገቡ ያሉት ጥርሶች የሚቆሙበት አጥንት የላቸውም፤ የአፍንጫው ጎንም የሚደገፍበት የለውም። እህቴ ልጅ ግድግዳው ላይ ፊቷን የምታዞረው ለዚህ ነበር። ፖስተሩ ላይ ይህ አይታይም። አፏን ዘግታ ስትስቅ ፎቶ ብታነሷት የቀኝ በኩሉ ሥዕል እሷ ናት።

መፍትሔው የአጥንት ንቅለ ተከላ ነው። ከልጁ ከራሱ ዳሌ ለስላሳው የውስጥ አጥንት ይወሰድና ድዱ ውስጥ ያለው ክፍተት ይሞላል፤ ከላይ ድዱ ይሰፋበታል። ይህን ከሰባት ዓመት በኋላ፣ ዋናዎቹ ጥርሶች መውጣት በሚጀምሩበት ዕድሜ የመሥራት ዘዴ የታወቀው አሜሪካ ውስጥ ቦይንና ሳንድስ የተባሉ ሐኪሞች በ1972 እ.ኤ.አ. ካሳተሙት ሥራ በኋላ ነው። ሰዓቱ ወሳኝ ነው። ክራንቻው ከመውጣቱ በፊት፣ ሥሩ ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ ባደገበት ጊዜ ቢሠራ ይመረጣል፤ ይህም ለአብዛኞቹ ልጆች ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ምክንያቱ ደስ ይላል። ክራንቻው በተተከለው አጥንት ውስጥ ሰንጥቆ ሲወርድ አጥንቱን ሥራ ያስይዘዋል። ሥራ ያገኘ አጥንት ይቆያል፤ ጥርስ ያላለፈበት፣ ምንም የማይሸከም አጥንት ደግሞ ሰውነት ቀስ በቀስ መልሶ ይወስደዋል።

እኛ ቤት ይህን ማንም አልነገረንም። «ተጠናቋል» ተብለን ነበር። በ2014 ያንን መዝገብ ባላይ ኖሮ ማንንም አልጠይቅም ነበር። አይቼ ስላፈርኩ አንድ ሐኪም ጠየቅሁ፤ ሁሉንም በአንድ ወረቀት ላይ ሥሎ አስረዳኝ።

ዘጠና ከመቶ፣ ወይስ ሠላሳ ስድስት?

አሁን ወደ ኮዱ ልመለስ። ለምሳሌ ያህል መቶ ልጆች ታከሙ እንበል። ለምርመራ የተመለሱት አርባ ናቸው። ከእነዚህ ሠላሳ ስድስቱ ደህና ናቸው። ውጤታችን ስንት ነው?

«ከመጡት ውስጥ» ካላችሁ ዘጠና ከመቶ ነው። «ከታከሙት ውስጥ ደህና መሆናቸውን ያየናቸው» ካላችሁ ሠላሳ ስድስት ከመቶ። እንደ እኔ ኮድ ባዶውን ሁሉ «ጥሩ» ካላችሁ ዘጠና ስድስት። ሦስቱም ስሌቶች በሒሳብ ትክክል ናቸው። እውነቱ ከሠላሳ ስድስት እስከ ዘጠና ስድስት ባለው መካከል አንድ ቦታ ተቀምጧል፤ የት እንደሆነ ሊነግረን የሚችለው ያልመጡትን ስልሳ ልጆች ሄዶ ማየት ብቻ ነው። ኢንጂነሪንግ ስንማር ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ የሚነገረን ነገር ነው፦ ዳሳሹ ዝም ማለቱ ማሽኑ ደህና ነው ማለት አይደለም፤ ሽቦው ተበጥሶም ሊሆን ይችላል።

ያልመጡት ደግሞ በዕጣ የተመረጡ አይደሉም። ማን ነው የማይመለሰው? በአንድ በኩል ፍጹም የዳነው። በሌላ በኩል ከቡሬ አዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ የሚጓዝበት ብር የሌለው፣ በርበሬው ያልተሸጠለት፣ ሁለተኛ ልጅ የታመመበት፣ ወይም «ተበላሽቷል» ብሎ ተናዶ የቀረ። የሩቁና የደኸየው ባዶ ሕዋስ ውስጥ ይወድቃል። ባዶውን «ጥሩ» ስንል መጀመሪያ የምናጠፋው እነሱን ነው።

«ይህ የድሃ አገር ችግር ነው» የሚል ካለ፣ አይደለም። ኦስሎ ውስጥ በርግላንድና ባልደረቦቹ በ1986 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሥራ የተተከለውን አጥንት በራጅ የሚለኩበት መለኪያ አወጡ፤ እስከዛሬም በዓለም ላይ ይሠራበታል። አራት ደረጃ አለው። በጥርሶቹ መካከል ያለው አጥንት ቁመቱ ወደ ጤናማው ከተጠጋ አንደኛ፤ ቢያንስ ሦስት አራተኛ ከደረሰ ሁለተኛ፤ ከዚያ ካነሰ ሦስተኛ፤ ክፍተቱን የሚያገናኝ አጥንት ጨርሶ ከሌለ አራተኛ። አንደኛና ሁለተኛ «ተሳክቷል» ይባላሉ። እንግሊዝ ውስጥ መንግሥት ያቋቋመው አማካሪ ቡድን አገሩን ዞሮ ልጆቹን አንድ በአንድ አይቶ በ1998 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት፣ ከተሠራው የአጥንት ንቅለ ተከላ የተሳካው 58 ከመቶው ብቻ ሆኖ ተገኘ። እንግሊዝ ነው፤ ገንዘብ አለ፣ ሐኪም አለ፣ መንገድ አለ። ችግሩ ሥራው በ57 ቡድኖች ተበትኖ ብዙዎቹ ሐኪሞች በዓመት ጥቂት ልጅ ብቻ ማየታቸው ነበር። ከዚያ በኋላ ሥራውን ጥቂት ማዕከላት ላይ ሰበሰቡት።

ይህን ታሪክ ስሰማ የገረመኝ ቁጥሩ አይደለም። እያንዳንዱ ሐኪም ከዚያ በፊት «የእኔ ልጆች ደህና ናቸው» ብሎ ያምን እንደነበር መገመት አይከብድም። ማንም አልዋሸም። ሄዶ ያየ ግን አልነበረም። ያንን አሳፋሪ 58 ጮክ ብለው ባይናገሩት ኖሮ ምንም ባልተቀየረ ነበር።

ይሉኝታ የሚባል ዲፎልት

«እሺ፣ ታዲያ ደውሎ መጠየቅ ነዋ» ትሉ ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር። ሲስተሙ ላይ የስልክ ቁጥር ዝርዝር የሚያወጣ ገጽ ጨመርኩ፤ አንዲት የድርጅቱ ሠራተኛም መደወል ጀመረች። መልሱ ግን ከቤት ቤት አንድ ዓይነት ነበር፦ «ደህና ናት፤ እግዚአብሔር ይመስገን፤ እናንተንም እግዜር ይስጥልን።»

ለፕሮግራመር ዲፎልት ማለት ሰው ምንም ሳይመርጥ ሲቀር ሲስተሙ ራሱ የሚሞላው መልስ ነው። እኛም ዲፎልት አለን። «ደህና ነኝ» ነው። ቤቱ እየተቃጠለ ያለ ሰው እንኳ ሰላምታ ሲሰጡት መጀመሪያ ደህና ነኝ ይላል፣ ከዚያ ነው እሳቱን የሚናገረው። በነፃ ያከመህን ሰው ደግሞ በስልክ «ልጄ ዛሬም ውሃ በአፍንጫዋ ይወጣል» ማለት ነውር ነው። ምስጋና ቢስ ያስብላል። ይሉኝታ ይይዝሃል።

ይሉኝታን እወደዋለሁ፤ አብሮ ያኖረን ነገር ነው። ግን አንድ መጥፎ ጠባይ አለው፦ ከታች ወደ ላይ ነው የሚፈስሰው። ሐኪሙ ገበሬዋን ይሉኝታ አይዘውም፤ ገበሬዋን ነው ሐኪሙ ፊት የሚይዛት። ስለዚህ በነፃ የሚሰጥ ነገር ሁሉ አንድ የተደበቀ ዋጋ ይዞ ይመጣል፤ ተቀባዩ የማማረር መብቱን አስይዞ ነው የሚወስደው። ከዚያ ሰጪው ቅሬታ ስላልሰማ ሥራው ያማረ ይመስለዋል።

እህቴን ደውዬ ስጠይቃት እኔንም ያችኑ መልስ ነው የሰጠችኝ።

«እታለም፣ ልጅቱ እንዴት ናት?»

«ደህና ናት፤ ተመስገን።»

«አይ እሱን አይደለም። ውሃ ስትጠጣ በአፍንጫዋ ይወጣል አይደል?»

ዝም አለች። ከዚያ «አንተስ ታውቅ የለ? ዓመት በዓል በመጣህ ቁጥር ታያት የለ?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ልክ ናት። ድርጅቱን ለመውቀስ ስቸኩል የረሳሁት ይህን ነበር። እኔም አይቼ ዝም ብያለሁ። የእኔም ዲፎልት «ጥሩ» ነበር።

የተዘጋው መንገድ

በ2015 መጀመሪያ አዲስ አበባ አምጥተን አሳየናት። ዘጠኝ ዓመቷ ገደማ ነበር፤ ዕድሜው ልክ ነው ተባልን። መጀመሪያ የተበላሹት የወተት ጥርሶች ይነቀሉ፣ ድዷ ይጽዳ፣ ንጽሕናውን ጠብቁ፤ ለንቅለ ተከላው በ2016 መስከረም ተመለሱ።

በ2015 ክረምት ማብቂያ ላይ የሆነውን ታውቃላችሁ። ጦርነቱ ምዕራብ ጎጃም ደረሰ። የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ከቡሬ በፍኖተ ሰላም፣ በደምበጫና በደብረ ማርቆስ አድርጎ ወደ አባይ በረሃ የሚወርደው መንገድ አንድ ሳምንት ተከፍቶ ሁለት ሳምንት የሚዘጋ ሆነ። ፍኖተ ሰላም የሰላም መንገድ ማለት ነው። በዚያ ዓመት ስሟን እየሰማሁ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም ነበር። እህቴን የማገኘው ሰው ከተማ ሲወጣ በሚያመጣልኝ ወሬ ነው። «ቀጠሮው አለፈ» ብሎ ማሰብ እንኳ ያሳፍር ነበር፤ ሰው በሕይወት መኖሩን እየጠየቅህ ስለ ጥርስ ታወራለህ?

ክራንቻ ግን ጦርነት አያውቅም። የጊዜውን ጠብቆ ይወርዳል።

የደረሰችው በ2017 ኅዳር ነው፤ አሥራ አንድ ዓመቷ። ክራንቻዋ ወጥቷል፤ ክፍተቱ ዳር ላይ ተንጋድዶ። ሐኪሙ «ዘግይቷል፤ ግን እንሞክራለን» አለ። ተሠራ። ከስድስት ወር በኋላ በተነሣው ራጅ አጥንቱ ይዟል፤ ቁመቱ ግን ከሦስት አራተኛ ያነሰ ነው። በመለኪያው ሦስተኛ ደረጃ ነች። አልተሳካም ማለት ነው።

ዳሌዬን ማን ነካው?

ልጅቱስ? ከሆስፒታል ከወጣች ከጥቂት ወር በኋላ ለፋሲካ አገር ቤት ስሄድ አየኋት። ምሳ ላይ ውሃ ቀዳች፤ ወደ እኔ ዞራ ጠጣች። ምንም አልወጣም። ማንም ምንም አላለም። እህቴ ብቻ ወጥ ልጨምር ብላ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባችና ቆየች።

ሦስት ሰው ሦስት ውጤት አለው። ራጁ ሦስተኛ ደረጃ ይላል። እናትየዋ ተአምር ነው ትላለች። ልጅቱን ስጠይቃት ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ነገር አለችኝ።

«አሁን ክላስ ውስጥ ውሃ እጠጣለሁ» አለች። ጥሩ። ከዚያ ዝቅ ብላ «ግን ዳሌዬን ለምን አልነገራችሁኝም?» አለች።

ከሰመመን ስትነቃ ዳሌዋ ላይ ፋሻ አገኘች። አፏን ነው ያመማት፤ ዳሌዋን ማን ነካው? ሁለት ሳምንት እያነከሰች ሄደች። ሐኪሙ ለእናቷ አስረድቷል፤ እናቷ ፈርማለች። እኔም በዝርዝር አውቅ ነበር፤ በወረቀት ተሥሎልኛል። ለእሷ ያልነገርናት እንዳትፈራ ብለን ነው። ስለ መጠየቅ ግዴታ ለራሴ ሁለት ዓመት ሙሉ ስሰብክ ኖሬ፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅን «ከዳሌሽ አጥንት ይወሰዳል፣ ትንሽ ያምማል፣ እሺ ነሽ?» ማለት አልመጣልኝም።

አንድ ፈታኝ ነገር እዚህ አለ። «ታዲያ ውጤቱን ልጅቱ ትወስን፤ ውሃ መጠጣት ከቻለች ተሳክቷል» ማለት ያጓጓል። ሰብዓዊ ይመስላል፤ ራጁን ቀዝቃዛ፣ እኛን ሞቃት ያደርገናል። ግን ልክ አይደለም። አጥንት ያነሰው ጥርስ ዛሬ አያምምም፤ በሃያ ዓመቷ ሊወድቅ ይችላል። ያንን የሚያውቀው ራጁ ነው፤ እሷ ልታውቀው አትችልም። ራጁ ደግሞ ፊቷን ወደ እኛ ማዞሯን አያውቅም፤ ፋሻውን ስታይ የተሰማትንም አያውቅም። አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም። ሁለቱን አዳምረን አንድ «ጥሩ» ካደረግናቸው ሁለቱንም አጥፍተናል። በዳታቤዝ ቋንቋ ብናገር፣ ሦስት ዓምድ የሚያስፈልገውን ነገር በአንድ ዓምድ ለማስገባት መሞከር ነው ስሕተቱ። ሕክምናው የታቀደለትን አድርጓል ወይ? ልጁ አሁን የማይችለውን ምን ይችላል? ያደረግነው ነገር ለእሱ ገብቶት፣ እሺ ብሎ ነው ወይ? ለአንዱ «አዎ» ማለት ለሌላው «አይ»ን አይሰርዝም።

በአውቶቡሱ ብር

አንድ ጓደኛዬ፣ እሱም ፕሮግራመር ነው፣ ይህን ሁሉ ስነግረው ተቆጣ። «አንተ የምታወራው የቅንጦት ነገር ነው» አለኝ። «ያልመጡትን ስልሳ ልጆች ፍለጋ ገጠር ለገጠር ለመዞር በምታወጣው ብር ስንት ከንፈር ይሰፋል? ጭራሽ ያልታከመ ሕፃን ወተት በአፍንጫው እየወጣ፣ አንተ የታከመችውን ልጅ ‹ውሃ እንዴት ነው?› ብለህ ትጠይቃለህ?»

ይህ ከባድ ክርክር ነው፤ ዝም ብዬ አላልፈውም። ብር ለአንድ ነገር ብቻ ቢበቃና ከሕፃኑ ከንፈርና ከእህቴ ልጅ ድድ አንዱን ምረጥ ብባል፣ ሕፃኑ ይቅደም እላለሁ። እህቴም እንደዚያው የምትል ይመስለኛል። ግን ክርክሩ ሁለት ነገር ዘሏል።

አንደኛ፣ ውጤቱን ካላየህ ብሩ ምን እንደገዛ አታውቅም። እንግሊዞቹ ሳይቆጥሩ ቢቀጥሉ ኖሮ ከመቶው አርባ ሁለቱን ልጅ ዳሌውን ከፍተው፣ አስተኝተው፣ አሳምመው ያለ ውጤት ወደ ቤቱ እየላኩ ይኖሩ ነበር። መጠየቅ ከሕክምናው የሚቀነስ ወጪ አይደለም፤ ሕክምናው ሕክምና መሆኑን የምናውቅበት ክፍል ነው። ደግሞም ሁልጊዜ ውድ አይደለም። በየቀበሌው የተሰማሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉ፤ የእኛ መንደሯ ሠራተኛ የልጆቹን ሁሉ ስም ታውቃለች። አንድ ኩባያ ውሃ ይዞ «እስኪ ጠጪ፣ ልይሽ» ለማለት ራጅ አያስፈልግም።

ሁለተኛው የዋጋ ጉዳይ አይደለም፣ የእውነት ጉዳይ ነው። ሄደህ ለማየት አቅም ከሌለህ፣ እሺ፣ የለህም። ግን «አላየሁም» ብሎ መጻፍ በነፃ ነው። ባዶውን ባዶ ብሎ መተው አንድ ሳንቲም አያስወጣም። አቅም ማጣት ሰውን ሐሰተኛ አያደርገውም፤ አቅም ማጣቱን በ«ጥሩ» መሸፈኑ ነው የሚያደርገው።

በቋንቋችን አንድ ነገር አለ፤ ለዓመታት ስናገረው ኖሬ ልብ ያላልኩት። የታመመ ሰው ቤት መሄድን «መጠየቅ» ነው የምንለው። «እገሌን ጠየቅሽው?» ማለት ሄደሽ አየሽው ወይ ማለት ነው። ጥያቄ እንኳ ላይነሣ ይችላል፤ ብርቱካን ይዘህ ገብተህ ጥግ ላይ ተቀምጠህ ትወጣለህ፣ ግን ጠይቀሃል። ማየትና መስማት አንድ ግሥ ውስጥ ናቸው። እኔ በሠራሁት ሲስተም ውስጥ ሕክምናው የሚያልቀው ስፌቱ ሲያልቅ ነበር። አያቴን ብትጠይቋት ግን ታማሚን አክመህ ሳትጠይቀው መቅረት ምን እንደሚባል በአንድ ቃል ትነግራችኋለች። ነውር።

ኮዱን ቀየርኩት። ባዶ ከሆነ፣ «አልተጠየቀም»። ሪፖርቱ ላይ ያለው ቁጥር ወረደ፤ ሰውዬው ደወለ፤ አልተደሰተም። «ለጋሾች ይህን ሲያዩ ምን ይላሉ?» አለኝ። ለረጅም ጊዜ ተነጋገርን። በመጨረሻ ሁለቱም ቁጥሮች ጎን ለጎን እንዲወጡ ተስማማን፤ ስንት ልጅ ደህና ሆኖ እንደታየ፣ ስንት ልጅ ደግሞ እንዳልተጠየቀ። ትልቅ ድል አይደለም። ዓምድ ተጨመረ፣ ያው ነው። ሌላ ደግሞ ለራሴ ጥፋት ያደረግሁት አለ፤ ሲስተሙን የሚሠራ ሰው የልጆቹን ስም ማየት እንዳይችል ዘጋሁት። ዛሬ የእህቴን ልጅ እዚያ ውስጥ ብፈልጋት አላገኛትም።

በየእሑዱ ግን እደውልላታለሁ። «ደህና ነሽ?» ማለት ትቻለሁ፤ መልሱን አውቀዋለሁ። «በዚህ ሳምንት ምን አስቸገረሽ?» ነው የምላት። መጀመሪያ ሰሞን ትስቅ ነበር። አሁን ተለማምዳለች፤ አንዳንዴ ሒሳብ ነው፣ አንዳንዴ ወንድሟ ነው።

ባለፈው እሑድ ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና «ያቺ ጥርስ» አለች። «ትነቃነቃለች መሰለኝ። ለእማ አልነገርኳትም፤ እንዳታዝን ብዬ።»

ለእማ አብረን ነገርናት። ቀጠሮ ይዘናል። መንገዱ ከተከፈተ በሚቀጥለው ወር ይመጣሉ።